«ዞር ስል ያወልቁታል»፦ ሠራተኛው ለደህንነቱ ግድ የሌለው የሚመስለን ለምንድን ነው?

የጠያቂው መልእክት ባጭሩ ይህ ነው፦ «ወደ 140 ሠራተኞች ባሉት የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ የደህንነት ኃላፊ ነኝ። ሥልጠና ሰጥተናል፤ ሁሉም መመሪያውን አንብበው ፈርመዋል። ጓንት፣ መነጽርና የጆሮ መከላከያ ተገዝቷል፤ ማስጠንቀቂያ ያልተለጠፈበት ግድግዳ የለም። አጠገባቸው ስቆም ይለብሳሉ፣ ዞር ስል ያወልቁታል። ቅጣት ስንጀምር ለአንድ ወር ተስተካከለና ተመልሶ እዚያው ሆነ። በወር አንዴ የሚሰበሰብ ኮሚቴ አለን፤ ‹ምን ችግር አለ?› ሲባል ሁሉም ዝም ነው። አሁን ደግሞ ሥራ አስኪያጁ 100 ቀን ያለ አደጋ ላሳለፈ ክፍል ቦነስ ይሰጥ እያሉ ነው። ሰው ለገዛ ሕይወቱ እንዴት ግድ አይኖረውም? ከልባቸው እንዲቀበሉት ምን ላድርግ?»

ሰው ለሕይወቱ ግድ አለው። ጠዋት አሥር ጣቱን ይዞ የገባ ሠራተኛ ማታ አሥሩንም ይዞ መውጣት ይፈልጋል፤ ይህን ከእርስዎም ከእኔም ሥልጠና አልተማረውም። ጓንቱን ሲያወልቅ ካዩት፣ በዚያች ሰዓት ከአደጋው ይበልጥ ያስጨነቀው ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ ካልጠየቁት የሚቀርዎት ስብከትና ቅጣት ብቻ ነው። ከጠየቁት ግን መልሱ ይዞዎት የሚሄደው ወደ ማሽኑ ነው።

አንድ ጊዜ ለምክር ከተጠራሁበት ፋብሪካ የደህንነት ኃላፊ ጋር አዳራሹን እየዞርን ሳለ፣ ድሪል ማሽን ላይ በባዶ እጁ የሚሠራ ሰው አገኘን። ኃላፊው የቅጣት ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። «ቆይ እስቲ» አልኩትና ሠራተኛውን ጓንቱ የት እንዳለ ጠየቅሁት። ከመሳቢያ አውጥቶ አሳየኝ። የቀኝ እጁ ጓንት አመልካች ጣት ላይ ክሩ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል። «ይቺን አዩዋት?» አለኝ። «መብሻው ፑንታ እየዞረ ይቺን ክር ከያዛት ጓንቱን ይስባል፣ ጓንቱ ጣቴን ይስባል፣ ጣቴ እጄን። ባዶ እጄን ቢነካኝ ይቧጭረኛል እንጂ ይዞኝ አይሄድም።»

ሰውየው ትክክል ነበር። በሚሽከረከር ድሪል አጠገብ ጓንት ማድረግ እጅን የሚያስይዝ አደጋ ነው፤ ጓንቱ የሚደረገው ማሽኑ ቆሞ ስለታም ብረት ሲነሳና ሲቀመጥ፣ ፍቅፋቂው ሲጠረግ ነው። «በአዳራሹ ውስጥ ያለ ሁሉ ሁልጊዜ ጓንት ያደርጋል» የሚለው መመሪያ የተጻፈው ቢሮ ውስጥ ነበር። ሰውየው ፈርሞበታል። ሁለት ጊዜም ተቀጥቶበታል። «ለምን አወለቅኸው?» ብሎ የጠየቀው ሰው ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም። በዚያ ደብተር ላይ እንደ ጥፋት የተመዘገበው ነገር የአንድ ሙያተኛ እጁን የማዳን ዕውቀት ነበር፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ያንገበግበኛል።

እንደዚህ ያለ ምክንያት በየማሽኑ ሥር አለ። መነጽሩ በሙቀትና በላብ ጭጋግ ይለብሳል፤ ሠራተኛው የሚቆርጠውን መስመር ማየት ሲያቅተው ወደ ግንባሩ ይሰቅለዋል። ጓንቱ የተገዛው በአንድ ልክ ነው፤ እጃቸው ትንንሽ ለሆነ ሴቶች ስለሚሰፋ ብሎን ማንሳት አያስችልም። የጆሮ መከላከያው ከኋላ የሚመጣውን ፎርክሊፍት ድምፅ ያጠፋል። የመቁረጫው መከላከያ ክዳን ፍቅፋቂ በተጠራቀመበት ቁጥር መፈታት አለበት፤ መፍታትና መግጠም ጊዜ ይበላል፤ የቀኑ ኮታ ሲወጣ ግን ያ ጊዜ አልተቆጠረም። እርግጥ ነው፣ ምክንያቱ ሁሉ የድሪሉን ሰውዬ ያህል አሳማኝ አይሆንም። «እኔ ለምጄዋለሁ» የሚልም አለ፣ በጓደኞቹ ፊት ደፋር መምሰል የሚፈልግ ወጣትም አለ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ግን ሲጠየቅ ብቻ ነው። ሲጠይቁም «ለምን አታደርግም?» አይበሉ፤ ይህ ምርመራ ይመስላል። «ይህን ስታደርግ ሥራው ላይ ምን ያስቸግርሃል?» ይበሉ። የሚያገኙት መልስ ሌላ ይሆናል።

ሥልጠና፣ ፖስተርና ፊርማ ስላለ ብቻ ተነጋግረናል ብለው ከሆነ አልተነጋገራችሁም። ሦስቱም ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ናቸው። ፊርማው የሚያረጋግጠው ወረቀቱ መድረሱን ነው፤ ገብቶታል ወይም በሥራ ላይ ሊውል ይችላል ብሎ አምኗል ማለት አይደለም። ፖስተርም ከሁለት ሳምንት በኋላ ከግድግዳው ቀለም አይለይም።

«ችግሩ ሠራተኛው ነው» የሚለው አስተሳሰብ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ኸርበርት ሃይንሪክ የተባለ አሜሪካዊ የኢንሹራንስ ባለሙያ ወደ 75,000 የሚጠጉ የአደጋ መዝገቦችን መነሻ አድርጎ፣ 88 በመቶው አደጋ የመጣው ከሠራተኞች አደገኛ ተግባር ነው ብሎ ጻፈ። ቁጥሩ እስከ ዛሬ በሥልጠና ስላይዶች ላይ ይዞራል። መዝገቦቹ ግን የኢንሹራንስ ፋይሎችና የፋብሪካ ባለቤቶች ሰነዶች ነበሩ። «የአደጋው መንስኤ» የሚለውን ቦታ የሚሞላው የተጎዳው ሠራተኛ አለቃ ሲሆን ምን እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቃለን፦ «የጥንቃቄ ጉድለት»። ፋይሉ ይዘጋል፣ ማሽኑ እዚያው ይቆያል። እባክዎ ያለፈውን ዓመት ሪፖርቶቻችሁን አውጥተው ስንቱ በዚህ ሐረግ እንደተዘጋ ይቁጠሩ።

አሁን ወደ ዝምታው እንምጣ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ ይህ ይከብዳል። «ዝም አይነቅዝም» የሚል ሠራተኛ ግዴለሽ አይደለም፤ ሒሳብ ሠርቷል። ብናገር ምን አገኛለሁ? ብናገር ምን አጣለሁ? ባለፈው የተናገረው ሰውዬ ምን ሆነ? የዚህ ሒሳብ መልስ «ምንም አይለወጥም፣ ስሜ ግን ይያዛል» ከሆነ ዝም ማለቱ ብልህነት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2013 በባንግላዴሽ የፈረሰውን ራና ፕላዛ የተባለ ሕንፃ ያስታውሱ። ከመፍረሱ አንድ ቀን በፊት ግድግዳውና ምሰሶው ላይ ስንጥቅ ታይቶ ነበር። ታችኛው ፎቆች ላይ የነበሩት ባንክና ሱቆች ዘጉ። የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ ግን በማግሥቱ ተመልሰው እንዲገቡ ተደረገ፤ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። እነዚያ ሠራተኞች ስንጥቁን አይተዋል፣ ፈርተዋልም። የጎደላቸው ሥልጠና አልነበረም፤ ደመወዛቸውን ሳያጡ «አልገባም» የሚሉበት አቅም ነው።

ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው 155ኛው ኮንቬንሽን (ዓለም አቀፍ ስምምነት) አንቀጽ 13 ላይ፣ ሕይወቱን ወይም ጤናውን የሚያሰጋ ቅርብና ከባድ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ያመነና ከሥራው ዞር ያለ ሠራተኛ ያልተገባ ነገር እንዳይደርስበት ጥበቃ ይደረግለታል የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢ ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ ሆኖ ተቆጠረ። ይህ መብት በእናንተ ፋብሪካ በሥራ ላይ የሚውል መሆኑን ሠራተኛው የሚያምነው በወረቀት ስለተጻፈ አይደለም። አንድ ሰው አንድ ቀን ማሽን አቁሞ ምን እንደተደረገ ሲያይ ነው።

እዚህ ላይ የእርስዎን ቦታ በግልጽ መናገር አለብኝ። እርስዎ በአንድ በኩል የቅጣት ደብተር ይዘው ይዞራሉ፣ በሌላ በኩል «ችግር ካለ ንገሩኝ» ይላሉ። እነዚህ ሁለት ሥራዎች በአንድ ሰው እጅ አብረው አይሄዱም። አሜሪካኖች ይህን በአቪዬሽን በጊዜ ተረድተውታል። እ.ኤ.አ. በ1976 የበረራ ሠራተኞች ስህተታቸውንና ለጥቂት የተረፉበትን አጋጣሚ የሚያሳውቁበት ሥርዓት ሲዘረጋ፣ ሪፖርቱን የሚቀበለው ፈቃድ የሚነጥቀው የአቪዬሽን ባለሥልጣን እንዳይሆን ተደርጎ ለናሳ ተሰጠ። የጻፈው ሰው ማንነትም ከሪፖርቱ ላይ ይጠፋል። እስከ ዛሬ የሚሠራ ሥርዓት ነው። አንድ ፋብሪካ ናሳን ባያገኝም መርሁን መውሰድ ይችላል፦ መረጃውን የሚቀበለው ሰው የሚቀጣው ሰው አይሁን።

ቅጣት ጨርሶ ይቅር እያልኩ አይደለም፤ ቦታው ጠባብ ይሁን ነው የምለው። ቅጣት የሚሠራው ዓይን ባለበት ሰዓት ብቻ ነው፤ የእርስዎ «ለአንድ ወር ተስተካከለ» የሚለው ራሱ ምስክር ነው። ከዚያ ወዲያ ሠራተኛው የተማረው የእርስዎን የእግር ኮቴ መለየት ነው። አንድ ሰው ከመቀጣቱ በፊት የሚጠየቅ ቀላል ጥያቄ አለ፦ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ማሽን፣ በዚህ ኮታ ሥር፣ እኩል ሙያ ያለው ሌላ ሠራተኛ ቢቆም ይህንኑ ያደርግ ነበር ወይ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ሰውየውን መቅጣት ምንም አያስተካክልም፤ ነገ የሚቆመውም ያንኑ ያደርጋል። ሁሉም የሚያውቀው፣ ፎርማኑም እያየ የሚያልፈው አቋራጭ ከሆነም ጥፋቱ የአንድ ሰው አይደለም። ቅጣት የሚገባው አውቆ ሌላውን ለአደጋ ለሚያጋልጥ፣ ጠጥቶ ማሽን ለሚያስነሳ፣ ተነጋግረን ያስተካከልነውን መከላከያ ሆን ብሎ ለሚያሰናክል ነው። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ የመከላከያ ዕቃ ዋጋ ወይም የጠፋ ጓንት ሒሳብ ከደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ ዛሬውኑ ይቁም። ያው ኮንቬንሽን በአንቀጽ 21 የደህንነት እርምጃ በሠራተኛው ላይ ወጪ እንዳያስከትል ይደነግጋል። ከሕጉም በላይ፣ ለጓንት ከኪሱ የሚከፍል ሠራተኛ ጓንቱን የሚያስቀምጠው እንዳያልቅበት ነው።

የ100 ቀኑን ቦነስ በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ አታድርጉት። ሐሳቡ ከቅንነት እንደመጣ አልጠራጠርም። ውጤቱ ግን ዝምታን በገንዘብ መግዛት ነው። 97ኛው ቀን ላይ ስለት እጁን ያቆሰለውን ሠራተኛ ያስቡት። በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል፤ ባልደረቦቹም «ሦስት ቀን ቻለው» ይሉታል። ክሊኒክ ቢሄድ የ20 ሰው ቦነስ ያስቀረ ሰው ይሆናላ! ቁስሉ ይመረቅዛል፣ የቆረጠው ስለትም ሌላ ሰው ይጠብቃል፣ ሰሌዳው ግን «100» ይላል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ በፈነዳበት ዕለት፣ የኩባንያዎቹ ኃላፊዎች መቆፈሪያው ላይ ነበሩ። ከመጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ሠራተኞቹ ሰባት ዓመት ሥራ የሚያስቀር ጉዳት ሳይደርስባቸው ስለሠሩ ሊያመሰግኗቸው ነው። በዚያው ምሽት 11 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ 15 ሰዎች በሞቱበት በአሜሪካው የቴክሳስ ሲቲ የነዳጅ ማጣሪያ ፍንዳታም፣ የግል ጉዳት ቁጥር ዝቅ ማለቱ ማጣሪያው ደህና ነው የሚል የተሳሳተ መተማመን ፈጥሮ እንደነበር በምርመራ ተረጋግጧል። አደጋ አለመመዝገቡና አደጋ አለመኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቦነሱ የሚከፍለው ለመጀመሪያው ነው።

ሥራ አስኪያጁ ገንዘቡን መስጠት ከፈለጉ ሠራተኞች ያነሷቸው ችግሮች ይስተካከሉበት። ችግር ያሳየ ሰውም በስሙ፣ በባልደረቦቹ ፊት፣ «አንተ ስላሳየኸን ይህን ለወጥን» ተብሎ ይመስገን። የዚህ ዓይነት ምስጋና ብዙ ርቀት ይሄዳል። ነገር ግን «እያንዳንዱ ሠራተኛ በወር ሁለት ሪፖርት ያቅርብ» የሚል ኮታ ውስጥም አትግቡ። የሚመጣው «ወለሉ ላይ ውሃ አየሁ» የሚል ክምር ይሆናል፤ ቁም ነገሩ በዚያ ውስጥ ይጠፋል።

አሁን ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊያጠፉበት ወደሚገባው ሰው ልምጣ። እሱም ፎርማኑ ነው። 140 ሠራተኛ ባለበት ፋብሪካ ስድስት ወይም ሰባት ፎርማኖች ይኖራሉ እንበል። የሠራተኛው እምነት ያለው በእርስዎ ሥልጠና ላይ አይደለም፤ እነዚህ ሰዎች ትዕዛዝ ዘግይቶ፣ ጭነት መኪናው በር ላይ ቆሞ ባለበት ሰዓት ምን እንደሚሉ ነው የሚያየው። «አሁን ለአንድ ጊዜ ነው፣ እሱን ክዳን ተወውና ቶሎ ጨርስልኝ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር የስድስት ወር ሥልጠና ታጥባለች። ፎርማኑም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እሱ የሚጠየቀው በምርት ብቻ ስለሆነ ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ፎርማኑን «ትናንት ስንት ወጣ?» ብቻ ብለው የሚጠይቁ ከሆነ ፎርማኑ የፋብሪካው እውነተኛ መመሪያ የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ጥያቄ ጎን «ትናንት ሠራተኞችህ ምን ነገሩህ? ምን አደረግህበት?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይጨመር። ይህች አንዲት ለውጥ ከአዲስ የሥልጠና ፕሮግራም ይልቅ ትሠራለች ብዬ አምናለሁ።

ፎርማኑ መማር ያለበት ዋናው ሙያ ሠራተኛ ችግር ሲነግረው በመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች ምን እንደሚል ነው። በቶዮታ የመገጣጠሚያ መስመሮች ላይ ሠራተኛ ችግር ሲያይ የሚስበው ገመድ አለ፤ ሲሳብ የቡድን መሪው ወዲያው ይመጣል፣ ችግሩ በጊዜው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ብዙ ፋብሪካዎች ገመዱን ገልብጠው አልሠራላቸውም። ምክንያቱም ቁም ነገሩ ገመዱ ላይ አይደለም፤ የመጣው ሰው አፉን ሲከፍት የሚወጣው ቃል ላይ ነው። «ምን አገኘህ? አሳየኝ» ካለ ነገም ይጠራል። «ደግሞ ምን ሆንክ?» ካለ ግን ገመዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌጥ ነው። ከፎርማኖቻችሁ ጋር ይህንን በቃል ተለማመዱት። መጀመሪያ ላይ የሚያሳፍር ይመስላል፤ ቢሆንም ተለማመዱት።

ስለ ኮሙኒኬሽን ሲነሳ ሰው ሁሉ ንግግርና ስብሰባ ያስባል። ነፍስ የሚያድነው ንግግር ግን ብዙ ጊዜ በፈረቃ ቅያሬ ላይ ያለው የአምስት ደቂቃ ንግግር ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1988 በሰሜን ባሕር ፓይፐር አልፋ የተባለው የነዳጅ ማውጫ መድረክ ላይ 167 ሰዎች ሞቱ። ከአንድ ፓምፕ ላይ የደህንነት ቫልቭ ለጥገና ተፈትቶ ቦታው በጊዜያዊ ክዳን ተዘግቶ ነበር። ይህ ለማታው ፈረቃ አልደረሰም። ሌላኛው ፓምፕ ሲቆምባቸው ይህኛውን አስነሱት፤ ነዳጁ በክዳኑ ሾልኮ ፈነዳ። በእናንተም ፋብሪካ ቀን የተፈታ መከላከያ፣ የላላ ቀበቶ፣ ድምፁ የተለወጠ ሞተር አለ። ማታ የሚገባው ሰው ከማን ይሰማል? ሁለቱ ፈረቃዎች በር ላይ ብቻ የሚተላለፉ ከሆነ፣ የሚደራረቡበትን አሥር ደቂቃ በክፍያ ይፍጠሩ፤ ከፈረቃው የሚወጣው ሰውም ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ያስረክብ።

ኮሚቴያችሁ ዝም የሚለው በአወቃቀሩ ነው ብዬ እገምታለሁ። አባላቱን አስተዳደሩ መርጧቸዋል፣ ሰብሳቢው አለቃ ነው፣ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ ይቀራል፣ ባለፈው ወር የተነሳው ምን እንደደረሰ ማንም አይናገርም። አይኤስኦ 45001 የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሥራ ደህንነት ዓለም አቀፍ ደረጃ ምክክርን ከተሳትፎ የሚለየው በከንቱ አይደለም፤ ምክክር ማለት ከመወሰን በፊት ሐሳብ መጠየቅ ነው፣ ተሳትፎ ማለት ውሳኔው ውስጥ መግባት ነው። እናንተ ጋር ያለው ሁለቱንም አይመስልም፤ ውሳኔ ማሳወቅ ይመስላል። አባላቱን ሠራተኞቹ ራሳቸው ይምረጡ፣ ከማታ ፈረቃም ይኑርበት። ስብሰባው ከጠረጴዛ አይጀመር፤ አብራችሁ ወለሉን ዞራችሁ ተመለሱ። የመጀመሪያው አጀንዳ ሁልጊዜ ያለፈው ወር መልስ ይሁን። አለቃው መጨረሻ ላይ ይናገር። ማንበብ የማይችሉትን፣ የስብሰባው ቋንቋ አፋቸውን ያልፈቱበት የሆኑትን፣ ጊዜያዊና የኮንትራት ሠራተኞችን አትርሱ፤ አደገኛው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለእነሱ ነው፣ ስብሰባ ላይ ግን አይታዩም።

ገደቡንም ልንገርዎት። የሠራተኛ ተሳትፎ የማሽን መከላከያን አይተካም። ስለት ላይ ክዳን ከሌለ፣ ከልቡ የተቀበለ ሠራተኛም ደክሞት አንድ ቀን እጁን ይሰዳል። ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ አደጋውን ማስወገድ፣ ካልተቻለ ባነሰ አደገኛ መተካት፣ በምሕንድስና መከለል፣ ከዚያ የአሠራር ሥርዓት፣ ከሁሉም መጨረሻ ጓንትና መነጽር። የእርስዎ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ በመጨረሻው ላይ ያረፈ ነው፤ ሠራተኛው ሊያስረዳዎት የሚችለው ደግሞ ስለ መጀመሪያዎቹ ነው። ሌላው ገደብ ክፍያ ነው። ሠራተኛው የሚከፈለው በሠራው ቁጥር ከሆነ፣ ለጥንቃቄ የሚያጠፋት እያንዳንዷ ደቂቃ ከኪሱ ትወጣለች። ኮታውን ሳትነኩ ቁርጠኝነት ብትጠይቁት እንዲደኸይ እየጠየቃችሁት ነው።

ሦስተኛ፣ ነገሩ መሥራት ሲጀምር ቁጥሮቹ የከፉ ይመስላሉ። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው የሆስፒታል ጥናት፣ የተሻለ አመራር ያላቸው ክፍሎች የመድኃኒት ስህተት በብዛት የሚመዘገብባቸው ሆነው አገኘቻቸው። የበለጠ ስለሚሳሳቱ አልነበረም፤ ስለ ስህተታቸው መነጋገር ስለሚችሉ ነው። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ከመጀመራችሁ በፊት ይንገሯቸው። አለበለዚያ ለጥቂት የተረፉ አደጋዎች ሪፖርት በሁለተኛው ወር እጥፍ ሲሆን ይደነግጡና በራችሁን መልሳችሁ ትዘጉታላችሁ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ጠይቆ አለማድረግ ነው። ገንዘብ ለማውጣት፣ ማሽን ለማቆም ፈቃድ ከሌለ አይጠይቁ። ያልተጠየቀ ሰው ዝም ይላል፤ ተጠይቆ ያልተመለሰለት ሰው ግን ሌላውንም ዝም ያሰኛል።

እንግዲህ እርስዎን ብሆን የማደርገው ይህ ነው። ነገ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ የ100 ቀኑ ቦነስ እንዲቀር፣ ቅጣቱም ከላይ ካልኳቸው ከባድ ጥፋቶች በስተቀር ለሦስት ወር እንዲቆም እጠይቃለሁ። በምትኩ አነስ ያለ፣ ፊርማ ሳያስሮጥ ወዲያው የሚወጣ የጥገና በጀት እንዲፈቀድልኝ እደራደራለሁ። ከዚያ አንድ ክፍል ብቻ እመርጣለሁ፤ ብዙ የሚወለቅበትን። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ ያለ ደብተር፣ ያለ ካሜራ፣ ማሽኖቹ አጠገብ አሳልፋለሁ፤ ማታ ፈረቃም እገኛለሁ። ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ እዚህ ቀጥሎ የሚጎዳው ሰው በምን ይጎዳል? መመሪያው የትኛው ቦታ ላይ ሥራውን አያስኬድም? ከዚህ በፊት ተናግራችሁ ያልተደረገ ምን አለ? ለሚያገኙት ነገር ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ መልስ ይስጡ። «አይቻልም፣ ምክንያቱም…» የሚለውም መልስ ነው፤ ዝምታ ግን አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም የሚያየው ሰሌዳ ይሰቀል፤ ምን ተባለ፣ ማን ይዞታል፣ መቼ ያልቃል፣ ምን ተደረገ የሚሉ አራት ረድፎች ይኑሩት። የተናጋሪው ስም እሱ ካልፈቀደ አይጻፍ። በሦስት ወሩ መጨረሻ የምትለኩት የአደጋ ቁጥርን ብቻ አይሁን፤ ስንት ጉዳይ ተነሳ፣ በስንት ቀን ተመለሰ፣ ስንቱ ተስተካከለ፣ ከማታው ፈረቃ ስንቱ መጣ የሚለውን ቁጠሩ። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሂዱ። በዚህ መሐል ጣት የሚቆርጥ፣ ሰው የሚጥል ነገር በዓይንዎ ካዩ ግን ውይይት አይጠብቁ፤ ያንን ማሽን ያቁሙት።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰሙት ስለ ደህንነት ላይሆን ይችላል። የመጸዳጃ ቤቱ በር አይዘጋም ይሉዎታል፣ የሚጠጣ ውሃው ሞቃት ነው፣ የልብስ መቀየሪያው መብራት ከተቃጠለ ቆይቷል ይሉዎታል። «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ብለው እንዳይመልሷቸው። የበሩን መቆለፊያ በዚያው ሳምንት ያስገጥሙና ተመልሰው ማሽኑ አጠገብ ይቁሙ። ስለ ድሪሉ የሚነግርዎት ሰው የበሩን መቆለፊያ አይቶ ነው የሚመጣው።